ድምፀ መረዋው ባለሙያ ይኑርልን

ሰሞኑን መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከፊቴ የነበረችው ወጣት አንገቷን ደፍታ አንድ ነገር አንሾካሾከች። ባለ ነጭ ጋወኑ ግን ሹክሹክታ አይወድም። «የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ነው የፈለግሽው?» ብሎ ሲያስተጋባ በር ላይ ያለው ጥበቃ ሳይቀር ዞሮ አየ። መቼም ለእናንተ አዲስ አይደለምና ወቀሳውን ትቼ ወደ ምስጋናው ልግባ።

እንዲህ ያለ ድምፅ የታደለ ሰው ከጠባብ መስኮት ኋላ መቅረቱ ያስቆጫል። ድምፅ ማጉያ ይሰጠው። ገዢዋ ስትገባ ደወል ይደወልና ችሎት ይሰየም። የሳል ሽሮፕ ሊገዙ የመጡት አዛውንት ሰብሳቢ ዳኛ ይሁኑ፤ ሕፃን ያዘሉት እመቤት ዐቃቤ ሕግ። ጉንፋን የያዘው ጎልማሳ እያነጠሰ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። «ባለትዳር ነሽ?» «ለራስሽ ነው?» «ባለፈው ወርም መጥተሽ አልነበር?» ምስክር ካስፈለገ ሚዛኑ ላይ የቆመው ሰውዬ አለ፤ ምንም አላየም፣ ግን ከአረማመዷ ብቻ ሁሉንም ደርሶበታል። ተከሳሿ የቅጣት ማቅለያ ታቅርብ። ዐቃቤ ሕጓ ትቃወም። ሕፃኑ ያልቅስ፤ ለቅሶውም በማስረጃነት ይያዝ። መድኃኒቱስ? እሱማ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይደርሳል።

ችግሩ መድኃኒቱ ቀጠሮ አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሌቮኖርጀስትረል የተባለው የድንገተኛ መከላከያ እንክብል ከግንኙነት በኋላ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሲወሰድ ሊፈጠር ይችል ከነበረው እርግዝና 95 በመቶውን አስቀርቷል፤ ከ49 እስከ 72 ሰዓት ሲቆይ ግን 58 በመቶውን ብቻ። ችሎቱ ታዲያ ስንት ሰዓት እንዳለፋት አይጠይቅም። ሪፋምፒሲን የተባለውን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ወይም አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የምትወስድ ከሆነ የእንክብሉ ኃይል እንደሚቀንስ አይነግራትም። በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ደግማ መውሰድ እንዳለባትም እንዲሁ። ለዚህ ዓይነቱ ጥቃቅን ጉዳይ ጊዜ ከየት ይምጣ?

ወንዱ ኮንዶም ሲጠይቅማ ያ መረዋ ድምፅ የት እንደሚገባ እንጃ። በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከፈገግታ ጋር፣ በጸጥታ ይወጣል።

ከምስጋናው የቤት ውስጥ ሊቃውንቱም ይድረሳቸው። «ማህፀን ያደርቃል»፣ «ሁለቴ የወሰደች መካን ትሆናለች»፣ «ፅንስ ማስወረጃ ነው»። ምን ያህል ዕውቀት ነው! እንክብሉ እንቁላል ከእንቁልጢ የሚወጣበትን ጊዜ ከማዘግየት በቀር፣ የተፀነሰውን እንደማያስወርድና ወደፊት ከመውለድ እንደማያግድ ግን ሊቃውንቱ ጋ አልደረሰም። ከግንኙነት በኋላ በ5 ቀናት ውስጥ በባለሙያ ማህፀን ውስጥ የሚገባው የመዳብ ሉፕ ከእንክብሎቹ ሁሉ የተሻለ አስተማማኝ መሆኑን ብትነግሯቸው ደግሞ ሌላ ወሬ ይፈጥራሉ። ሴቲቱ የምታውቀው ትንሽ ነው ብለው የሚያዝኑላትም እነሱው ናቸው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ተደፍራ የመጣች ሴት አለች። ፊቷ ላይ አልተጻፈም፤ ለማንም የማስረዳት ግዴታም የለባትም። እሷን በጩኸትህ አሳፍረህ ባዶ እጇን ስትመልሳት የባከነው ሰዓት የአንተ አይደለም። የምታረግዘውም አንተ አይደለህም። ነውር ካለ እዚያ መስኮት ውስጥ ነው ያለው!

የመጨረሻው ምስጋና ውጭ መኪናው ውስጥ ሞተሩን ሳያጠፋ ለሚጠብቀው ጀግና ነው። እሱ አይገባም፤ ስም ያለው ሰው ነዋ። ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥ የዘመኑ ሴቶች ኀፍረት ማጣታቸውን እያዘነ ያስረዳል። ለጊዜው ግን ጭንቀቱ ሌላ ነው፤ እሷ በሩን ከፍታ ስትገባ፣ አገኘሽ ወይ ከማለቱ በፊት «የሚያውቀኝ ሰው አላየሽም አይደል?» ይላታል።