ለክቡር ሚልፎኒ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክቡር ሚልፎኒ
አድራሻ፦ ኬክ ቤት፣ ከመስታወቱ ጀርባ
ጉዳዩ፦ በሯጮች ላይ እየፈጠሩት ያለውን መሰናክል ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ደብዳቤን በሰላምታ መጀመር ወግ ቢሆንም፣ በማለዳ ስኳር ተነስንሶብዎ፣ ክሬምዎ በስስ የሊጥ ንብርብሮችዎ መካከል ሞልቶ የሚያይዎ ሰው ስለ ጤናዎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። አቤቱታችን ስለ ራሳችን ጤና ነው።

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ አየሯ የሯጭን ሳንባ የሚፈትን ከተማ ናት። ጎሕ ሲቀድ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚመላለሰውን ሕዝብ ያየ እንግዳ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1994 ዓ.ም. ያስጀመረው ታላቁ ሩጫ ነገ የሚካሄድ ይመስለዋል። የእኛም ቡድን የተቋቋመው ለዚያው 10 ኪሎ ሜትር ለመዘጋጀት ነበር። ከአደባባዩ ተነሥተን፣ በስታዲየምና በለገሃር አድርገን፣ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ይዘን ወደ ፒያሳ የምንወጣውም፣ አሰልጣኝነቱን በገዛ ፈቃዱ የያዘው ወዳጃችን «ዳገት ጉልበት ይሰጣል» ስላለን ነው። መስጠቱንስ አንክድም፤ ያልገባን ነገር ቢኖር፣ ከተማው በዳገት ተሞልቶ ሳለ የእኛ ዳገት ምንጊዜም ኬክ ቤት በር ላይ የሚያልቅበት ምክንያት ነው።

ሒሳቡን ይመልከቱልን። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያቃጥለው 700 ካሎሪ ገደማ ነው። እርስዎ ስኳር ከተጨመረበት ማኪያቶ ጋር ሲቀርቡ ከዚህ ግማሽ ያህሉን በአምስት ደቂቃ ያስመልሳሉ። በዚህ ቢበቃ ምንኛ መልካም ነበር! ነገር ግን የቡድናችን አባላት «እንቀምሳለን» እንጂ «እንበላለን» አይሉም፤ ቀማሽ ደግሞ በአንድ ቁራጭ አይፈርድም፣ ማነጻጸሪያ ይሻል። ስለዚህ ሁለተኛው ይታዘዛል፣ ከአጠገቡም ብላክ ፎረስት ለምስክርነት ይጠራል። ድሮ ስለ ጉልበታቸውና ስለ ጫማቸው የሚነጋገሩ ሰዎች ዛሬ የሚከራከሩት የገበታ ቅቤ ነው ወይስ ማርጋሪን፣ ክሬሙ የዛሬ ነው ወይስ ያደረ በሚለው ላይ ነው። የታችኛው ቅጠልዎ ሹካ ሲነካው «ቀጭ» ካላለ፣ ትናንት የተሠሩ መሆንዎን ከሩቅ ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ጆሮ ለሩጫ መነሻ ተኩስ ቢውል ኖሮ የት በደረስን።

ስለ አበላልዎም ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ትንፋሹን ገና ያልሰበሰበ ሯጭ ወደ እርስዎ ባጎነበሰ ቁጥር ስኳርዎ እንደ ጉም ይነሣና አጠገቡ ጋዜጣ በሚያነቡት አባት ጥቁር ኮት ላይ ያርፋል። ይቅርታ ሲጠይቅ ደግሞ ይብስበታል፤ «ይ» ብሎ ሲጀምር የቀረው ስኳር ይከተላል። ሹካውን ከላይ ሲጫንብዎ ክሬምዎን በግራና በቀኝ ይተፋሉ፤ ቅርፊትዎም ተሰባብሮ በላብ በራሰው ካናቴራ ላይ ይለጠፋል። በእጅ እንዳይነሡ ይፈርሳሉ፣ በሹካ እንዳይቆረጡ ይሸሻሉ። እንዲህ ዓይነት ጠባይ ለአንድ የተከበረ ኬክ የሚመጥን አይመስለንም።

ረቡዕና ዓርብ እንኳ እፎይ እንላለን ብለን ነበር። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል የተሠራው የጾም ኬክ የሚባለው ዘመድዎ በቦታዎ ተተክቶ ይጠብቀናል። ኬኩ የጾም ቢሆንም ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መሆኑን ለንስሐ አባቶቻችን እንተወዋለን። ጠንካራ ሕዝብ አይደለንም እንዳይባል፣ የጣሊያን ጦር በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ተባርሯል፤ ከጣሊያኖች በቀሩት በማኪያቶና በኬክ ላይ ግን እስካሁን ዱር ቤቴ ብሎ የተነሣ አርበኛ አልሰማንም።

ስለሆነም መፍትሔ ብለን ያሰብነው ወደ እንጦጦ እንዲዛወሩ መጠየቅ ነበር፤ ሐሳቡ በስብሰባ ላይ ሲቀርብ ግን አባላቱ የዳገት ልምምድ እንዲጨመርላቸው በሙሉ ድምፅ ስለ ደገፉት ውድቅ አድርገነዋል። እኛ ከመድረሳችን በፊት ተሸጠው እንዲያልቁ ማድረግም ተሞክሮ ነበር። አንድ ቅዳሜ መደርደሪያዎ ባዶ ሆኖ ቢጠብቀን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡድኑ በታሪኩ ሮጦት በማያውቀው ፍጥነት ቸርችልን ወጣው፤ አሰልጣኛችንም ውጤቱን የራሱ የሥልጠና ዘዴ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ያወራል።

አቤቱታችን ተመርምሮ ውሳኔ እስኪሰጥበት ድረስ፣ የፊታችን ቅዳሜ የምንቀምሰው ከትሪው ጠርዝ ሳይሆን ከመካከሉ የተቆረጠ እንዲሆንልን በትሕትና እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር
የቡድኑ ጸሐፊ

ግልባጭ፦ ለአቶ ቦምቦሊኖ፣ ተራቸውን እንዲጠብቁ