አውቶ ይመስገን

ካምኮርደሩን ከካርቶኑ ካወጡበት ቀን ጀምሮ ብርሃኑን ካሜራው ራሱ ከሚያስተካክልበት «አውቶ» ንቅንቅ ያላሉ የቪዲዮ ቀራጮች የሚገባቸውን ምስጋና አላገኙም። ሰው በሰው ላይ እምነት ባጣበት ዘመን በአንድ ዕቃ ላይ እንዲህ ጸንቶ መቆም ያስቀናል። ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ አይሪስ አለ፣ ብርሃኑ የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው ሹተር አለ፣ ሲግናሉን የሚያጎላው ጌይን አለ፤ እነሱ ግን የሰው ንብረት ይመስል አንዱንም አይነኩ። ጨዋነት ነው።

ጥበባቸው በደንብ የሚታየው ተናጋሪውን መስኮት ጀርባው አድርገው ሲያስቀምጡት ነው። አውቶ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ምስሉን ጠቅላላ ለክቶ ወደ መካከለኛ ድምቀት ማምጣት። የትኛው ሰው፣ የትኛው መጋረጃ እንደሆነ ጉዳዩ አይደለም። ከመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን ሲያይ «በዛ!» ብሎ አይሪሱን ያጠብበዋል። ከዚያማ ውጭ ያለው ዛፍ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ተናጋሪው ግን ጥላ ሆኖ ይቀራል። ይህን ስህተት የሚሉ ምቀኞች አሉ። ማንነቱ እንዲደበቅለት የሚለምን ምስክር ብቻ የሚያገኘውን ከለላ፣ የእኛ ሰው ለክብር እንግዳው በነፃ ሰጠው እንጂ ምን አጠፋ? እርግጥ ብዙ ካምኮርደር ላይ ለዚሁ የተሠራ የባክላይት ቁልፍ አለ። ወንበሩን አዙሮ የእንግዳውን ፊት ወደ መስኮቱ ማድረግም ይቻላል፤ ግን ወንበር ማንሳት የቀራጭ ሥራ ነው እንዴ?

ሰርግ ላይ ደግሞ ይብሳሉ። ሙሽራዋ ወደ ካሜራው ስትቀርብ ነጩ ቀሚስ ስክሪኑን ይሞላዋል፤ አውቶው ይደነግጥና ያጨልመዋል። ቀሚሱ ግራጫ ይሆናል፣ ፊቷ ይመሽበታል። እሷ አልፋ ጥቁር ሱፍ የለበሱት ሚዜዎች ሲመጡ እንደገና ይደነግጥና ወገግ ያደርገዋል። ሰልፉ እስኪያልቅ ይመሻል፣ ይነጋል፣ ደግሞ ይመሻል። ፊቷ ላይ አንዴ ለክቶ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የብርሃኑን ልክ፣ መቆለፍ እንደሚቻል ብትነግራቸው «ታዲያ ካሜራው ምን ሊሠራ ነው?» ይሉሃል። መልስ የለህም።

ሲመሽ የጌይን ተራ ነው። አውቶው ብርሃን ሲያጣ ጌይኑን 18 ዴሲቤል ድረስ ይሰቅለዋል። በየ6 ዴሲቤሉ ምስሉ እጥፍ ይደምቃልና 18 ማለት ስምንት እጥፍ ነው። የተባዛው ግን ሲግናሉ ነው እንጂ ብርሃኑ አይደለም፤ ኖይዙም፣ ያ ምስሉን የሚያቆሽሸው ብናኝ፣ አብሮ ስለተባዛ ግድግዳው ላይ ጉንዳን የፈሰሰ ይመስላል። ተመልካቹ ግድግዳ ሲንቀሳቀስ በነፃ ያያል። የክፍሉን መብራት የሚያበራ ግን የለም፤ ማብሪያው በሩ አጠገብ ነው፣ ሩቅ ነው።

አልፎ አልፎ «ማንዋል ገብቻለሁ»፣ በእጄ ነው የማስተካክለው፣ የሚል ጀግናም ይገኛል። እሱ የሚለካው በስክሪኑ ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ጨለም ብሎ ይታየዋላ፤ ስለዚህ አይሪሱን ይከፍተዋል። ሰማዩ ላይ የዜብራው፣ ማለትም የደመቀውን ቦታ የሚጠቁመው፣ ሰያፍ መስመር ይርመጠመጣል፦ 100 በመቶ ድምቀት ላይ ከተስተካከለ «እዚህ ጋ ነጩ ተቃጥሏል» ማለቱ ነው። ጀግናችን ግን ምስሉን አበላሸብኝ ብሎ ዜብራውን ያጠፋዋል። የብርሃኑን መጠን ወደ አንድ አራተኛ፣ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ የሚቀንሰው ኤንዲ ፊልተርም ቢሆን፣ ካሜራው ላይ ካለ፣ ሳይነካ ያረጃል።

ቢበላሽስ? «ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል።» እዚህ ላይ ለኤዲተሩ ያላቸው ግምት ልብ ይነካል። የተቃጠለ ነጭ ውስጥ የተቀረጸ ዝርዝር የለም፤ ቢያጨልሙት ግራጫ ይሆናል እንጂ ደመናው አይመለስም። ኤዲተሩም የተባለውን ያደርጋል፣ ሰማዩ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ ደንበኛው ሲጠይቅ «ያን ቀን እኮ ደመና ነበር» ይባላል። እንግዶቹ በሙሉ የፀሐይ መነጽር ማድረጋቸውን ማን ልብ ሊል!