ተያዘ ከተባለ በኋላ

ከድሬዳዋም ሆነ ከሐረር የሚሰማው የሕገወጥ መሣሪያ ዜና መልኩ አንድ ነው። ይህን ያህል ክላሽ፣ ይህን ያህል ሽጉጥ፣ ይህን ያህል ጥይት ተያዘ ይባልና መሬት ላይ የተደረደሩ ጠመንጃዎች ፎቶ ይከተላል። ፎቶው ከሩቅ ስለሚነሳ ብረቱ ላይ የታተመው የአንዱም መለያ ቁጥር አይነበብም። የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ መሣሪያው ከማን እጅ እንዳመለጠ የሚናገረው ቁጥሩ ነውና።

በምኖርበት ጀርመን ሕጋዊ ጠመንጃ ልደቱም ሞቱም ይመዘገባል። ብሔራዊ መዝገቡ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ጀመረ፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ አምራችና ነጋዴም እያንዳንዱን ዝውውር በኤሌክትሮኒክ መንገድ ያሳውቃሉ፣ መሣሪያው እስኪወድም ድረስ። ባለቤቱ ለምሳሌ አዳኝ ወይም የኢላማ ተኳሽ መሆኑን ያስረዳል፤ መሣሪያውን በተመሰከረለት የብረት ሣጥን ይቆልፋል፤ ተቆጣጣሪ ቤቱ ድረስ መጥቶ ሣጥኑን ሊያይ ይችላል። ግድያ የለም ማለቴ አይደለም። ግን ፖሊስ አንድ ጠመንጃ ሲይዝ ፍለጋውን የሚጀምርበት ቦታ አለው።

እኛም ወረቀቱ አላነሰንም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ የአካባቢያችን አገሮች ቀላል መሣሪያን ለመቆጣጠር የተስማሙበት እ.ኤ.አ. የ2004 የናይሮቢ ፕሮቶኮል አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2005 ያጸደቀው የመሣሪያ ምንጭ ማፈላለጊያ ስምምነትም አለ። በዚህ ስምምነት መሠረት መሣሪያ የያዘ አገር አምራቹን አገር «ለማን ሸጣችሁት?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው መልስ የሚያገኘው ግን ኬላው ላይ በተሠራው ሥራ ልክ ነው።

ሥራው ይህ ነው። የክላሹ ቁጥር በግራ ጎኑ፣ ካዝናው ከሚገባበት በላይ ወደ አፈሙዙ በኩል ይገኛል። ከቁጥሩ ጎን ያለው የፋብሪካ ምልክት አብሮ ፎቶ ይነሳ። የሩሲያው የቱላ ፋብሪካ ኮከብ ያትማል፤ ታይፕ 56 የሚባለው የቻይና ክላሽ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 66 ይዞ ይገኛል። የሩሲያው ኢዥቭስክና የሩማኒያው ኩጂር ሁለቱም ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀስት ስለሚያትሙ በቅርብ ያልተነሳ ፎቶ አይለያቸውም። የተለያዩ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ሊያትሙ ስለሚችሉ «ክላሽ፣ ቁጥር ይህ» ብቻ ብሎ መላክ ዋጋ የለውም። ሞዴሉ፣ ፋብሪካው፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ አስገቢው አገር የጨመረው ምልክት ካለም እሱ አብሮ ይሄዳል። ሽፋኑና የውስጥ ብረቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ከዋናው ጋር ካልገጠሙ፣ ጠመንጃው ከተለያየ ቦታ የተለቃቀመ ነውና ይህም ይጻፍ።

ቁጥሩ ከተፋቀ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነውር ነው። ማኅተሙ ሲመታ ከሥሩ ያለውን ብረት ስለሚጨምቀው ላቦራቶሪ በአሲድ ሊያወጣው ይችላል፤ ፈግፍገን ያነሳነውን ብረት ግን የሚመልስ የለም።

አገር ቤት ይህን ስናነሳ «ትጥቅ ሊያስፈቱን ነው» የሚል ስጋት ቶሎ ይመጣል። ስጋቱ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ልትወረን ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለጣሊያንም ለኢትዮጵያም መሣሪያ አንሸጥም ሲሉ፣ የራሷ ፋብሪካ ያላት ጣሊያን አልተጎዳችም፤ የተጎዳነው እኛ ነን። በመጋቢት 1936 ሐረር በቦምብ ተደበደበች። ይሁን እንጂ የተያዘን ጠመንጃ ቁጥር መጻፍ ከገበሬው እጅ ምንም አይወስድም። የሚያጋልጠው ሻጩን ነው።

ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው ጥይት ነው። ክላሹ የሃምሳ ዓመት ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ እጅ በእጅ ሲዞር የኖረ። የጥይቱ ቀለሃ ቂጥ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የፋብሪካው መለያና የተሠራበት ዓመት ታትሟል። ዓመቱ የቅርብ ከሆነ አሁን የሚሠራ አቅርቦት አለ ማለት ነው፤ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሾለከ ወይም ድንበር የተሻገረ። ቀለሃው አምራቹን ይነግራል፤ ማን እንደገዛው ለማወቅ ደግሞ የእንጨት ሣጥኑ ላይ የተጻፈው የምርት ቁጥር ያስፈልጋል። ሣጥኑን ኬላው ላይ ሰባብሮ ጥሎ ጥይቱን በማዳበሪያ ከረጢት ወደ ከተማ የጫነ ፖሊስ የገዢውን አድራሻ እዚያው መንገድ ላይ ትቶት ሄዷል።