ማስተካከያ፦ የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች እውቅናቸውን አልተነጠቁም
ባለፈው ጽሑፋችን በኮሮና ጊዜ የቨርጂኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች "እውቅና አጥተዋል" ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ማንም እውቅናቸውን አልነጠቀም፤ የታለፈው ለእውቅናው የሚደረገው ዓመታዊ ምዘና ነው፤ ማለትም ለጊዜው ሳይካሄድ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምዘናው በዋናነት የሚደገፈው ኤስኦኤል በሚባለው የግዛቱ ፈተና ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ጸደይ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ፈተናው ቀረ። ፈተና ከሌለ በምን ይመዘናሉ? ስለዚህ ለ2020-21 እና ለ2021-22 የትምህርት ዘመን ምዘናው ታለፈላቸው። በ2022-23 ተመልሷል።

በቨርጂኒያዎቹ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ብዙ ሐበሻ ወላጆች አሉ። በጽሑፋችን ደንግጣችሁ ከሆነ፣ የእነዚያ ሁለት ዓመታት "ታልፏል" የሚለው ምልክት የትምህርት ቤቱን ድክመት አያሳይም።