በእንግሊዝ ገጠር ነብር አለ?

ወደ እንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ገጠር፣ ወደ ኮርንዋልና ዴቨን ብትሄዱ ስለ አንድ ትልቅ ጥቁር አውሬ መስማታችሁ አይቀርም። ትልቅ ውሻ ያክላል ይላሉ። ጭራው ረጅም ነው። አጥር በአንድ ዝላይ ይሻገራል። አንዱ ማታ መኪና ሲነዳ መብራቱ ውስጥ ገብቶ አየሁት ይላል። ሌላው ውሻውን ሊያናፍስ ወጥቶ አጋጥሞታል። ሌላዋ ደግሞ ጠዋት በጎቿን ልታይ ስትወጣ አንዷን ጉሮሮዋ ተቦጭቆ አግኝታታለች። ይህን የሚያወሩት ሰዎች ወሬ የሚወዱ አይደሉም። ገበሬዎች፣ ነርሶች፣ አንዳንዴም ፖሊሶች ናቸው።

እኔ የምኖረው ብሪስቶል ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ የኮርንዋል ልጅ አለ። በሻይ ሰዓት ስልኩን አውጥቶ ወንድሙ ያነሳውን ፎቶ አሳየኝ። አረንጓዴ ሜዳ ነው። የድንጋይ አጥር አለ። ከአጥሩ ሥር አንድ ጥቁር ነገር ቆሟል። ጆሮ አለው፣ ጭራ አለው። ግን ምን ያህላል? አጥሩ ጉልበት ይድረስ ወገብ ይድረስ ከፎቶው አይታወቅም። «አንተ ነብር ካለበት አገር ነው የመጣኸው፣ እስቲ ንገረኝ» አለኝ። ከዚህ ፎቶ ምንም ማለት አይቻልም አልኩት። ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንከራከራለን። እሱ አለ ይላል፣ እኔ ዘር ተክቶ የሚኖር ነብር እዚህ የለም እላለሁ። ሁለታችንም የምራችንን ነው።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከለንደን ብዙም በማትርቀው በሰሪ አውራጃ ፑማ (የአሜሪካ አህጉር ትልቅ ድመት) አየን የሚል ሰው ከመብዛቱ የተነሳ የጎዳልሚንግ ፖሊስ ለዚሁ ጉዳይ መዝገብ ይዞ ነበር። በ1983 ደግሞ ዴቨን ውስጥ አንድ በግ አርቢ በሦስት ወር ከመቶ በላይ በግ አለቀብኝ ብሎ ጮኸ። የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ተላኩ። ኤክስሙር በሚባለው ገላጣ ደጋ ላይ ጠመንጃቸውን ደግነው ሌሊቱን አድፍጠው አደሩ። ምንም ሳይዙ ተመለሱ።

ከሁሉ የሚታወቀው ግን የቦድሚን አውሬ ነው። ቦድሚን ሙር ኮርንዋል ውስጥ ያለ፣ ነፋስ የማያጣው ሰፊ ገላጣ ቦታ ነው። የበግ አርቢዎቹ አቤቱታ ሲበዛ የግብርና ሚኒስቴሩ በ1995 ባለሙያዎች ልኮ አስጠና። ባለሙያዎቹ የሠሩትን ሳነብ በጣም ነው የወደድኩት። ፎቶና ቪዲዮ ወደተነሳባቸው ቦታዎች ሄዱ። አውሬው ቆሞበት የነበረውን አጥርና ምሰሶ ፈልገው አገኙ። እዚያው ላይ የመለኪያ ዘንግ አቁመው ከፎቶው ጋር አስተያዩት። ነብር የተባለው ቁመቱ የቤት ድመት ሆኖ ተገኘ። አውሬ ገደላቸው የተባሉትንም በጎች መረመሩ። በመጨረሻ የጻፉት፣ ትልቅ የዱር ድመት ለመኖሩ የተረጋገጠ ማስረጃ አላገኘንም፣ ፈጽሞ የለም ብለን መማል ግን አንችልም የሚል ነው።

ሪፖርቱ በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ ልጅ ከፎይ ወንዝ የራስ ቅል አገኘ። ክራንቻው ያስፈራል። አገሩ ተንጫጫ። ቅሉ ለንደን ወዳለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተላከ። የእውነት የነብር ቅል ነው፣ የወጣት ወንድ ነብር። ግን ውስጡ እንግሊዝ ውስጥ የማይኖር፣ የሞቃት አገር በረሮ የእንቁላል ከረጢት ተገኘበት። የኋላው አጥንት በመሣሪያ ተቆርጧል። ነብሩ የሞተው ሌላ አገር ነው፤ ቅሉ ወደ እንግሊዝ የመጣው ምንጣፍ ከተደረገ ቆዳ ጋር ነው።

የኮርንዋሉ ልጅ እዚህ ላይ ሁሌም አንድ ነገር ያነሳል። እውነትም አለው። እስከ 1976 ድረስ እንግሊዝ ውስጥ አውሬ ለማሳደግ ፈቃድ አያስፈልግም ነበር። በ1969 ሁለት ወጣቶች ሃሮድስ ከሚባለው ትልቅ መደብር የአንበሳ ደቦል ገዝተው ለንደን መሃል ቼልሲ አሳድገዋል። ኋላ ኬንያ ወስደው ለቀቁት። በ1976 አደገኛ አውሬ ያለፈቃድ ማሳደግ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ፈቃድ ያላገኘ ወይም ወጪው የከበደው ሰው ነብሩን፣ ፑማውን ማታ ጫካ ወስዶ ለቀቀው ይላል ጓደኛዬ። ይህ ሆኗል ብዬ አምናለሁ። በ1980 ስኮትላንድ ውስጥ አንድ ገበሬ በወጥመድ ፑማ ይዟል። ፌሊሲቲ ብለው ሰየሟት፣ እስክትሞት በእንስሳት ፓርክ ኖረች፣ ቆዳዋም ተሞልቶ ኢንቨርነስ ሙዚየም ቆሟል። በ2001 ሰሜን ለንደን ክሪክልዉድ፣ ሰው በሚኖርበት ሰፈር፣ ሊንክስ ተይዟል። ሊንክስ ጆሮው ጫፍ ላይ ጥቁር ፀጉር ያለው፣ ጭራው አጭር የጫካ ድመት ነው።

እንግዲህ አንድ ሁለት አምልጠው የወጡ እንስሳት ነበሩ። ግን በ1976 የተለቀቀ ነብር ዛሬ በሕይወት የለም። ነብር ተንከባክበው እንኳ ቢይዙት ከሃያ ዓመት ብዙም አያልፍም። ዛሬ የሚታየው እውነት ከሆነ ሲወልድ ሲዋለድ ኖሯል ማለት ነው። ታዲያ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን ያህል መኪና በሚርመሰመስበት አገር አንድ እንኳ ተገጭቶ መንገድ ዳር አልተገኘም?

ደግሞ ሁሉም የሚያየው ጥቁሩን ነው። ፑማ ጥቁር ሆኖ መገኘቱ ተረጋግጦ አያውቅም። ጥቁር ሆኖ የሚወለደው ነብር ነው፣ እኛ ግስላ የምንለው። ግስላ ደግሞ ነብር ባለባቸው በአብዛኞቹ አገሮች እንኳ በዥንጉርጉሮቹ መሃል አልፎ አልፎ የሚታይ ነው። እዚህ ዥንጉርጉሩ ሳይታይ ጥቁሩ ብቻ እንዴት ይበዛል? ጥቁር የቤት ድመት ግን በየመንደሩ አለ። ሰዎቹ ይዋሻሉ አልልም። ሲመሽ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ፣ የሚያመሳክሩት ነገር ሳይኖር ዓይን መጠንን ይስታል።

ይህን ክርክር ለአጎቴ አጫወትኳቸው። አጎቴ አንኮበር አካባቢ፣ ከወፍ ዋሻ ጫካ በታች ነው የሚኖሩት። ከልጅነታቸው ጀምሮ በግና ፍየል ሲያረቡ ኖረዋል፣ ነብርም ብዙ ወስዶባቸዋል።

«ጋሼ፣ እዚህ ፈረንጆቹ ነብር በጋችንን ፈጀው እያሉ ነው» አልኳቸው በስልክ።

«የያዘው በምኑ ነው?» አሉኝ ወዲያው። «በጉሮሮው ነው በኋላው?»

«ጉሮሮውን ነው ይላሉ።»

«ጎትቶታል ወይስ ከጣለበት ነው የበላው? መሬቱ ላይ የተጎተተበት ይታያል? ዛፍ ላይ ሰቅሎት ተገኝቷል? ውሾቹስ ምን ሆኑ?»

ጥያቄው አላለቀም። ነብር ጉሮሮውን አንቆ ይገድላል አሉኝ፣ ብዙም ሳያደማ። ከዚያ ጎትቶ ይሸሽገዋል፣ ጅብ እንዳይቀማው ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ጅብ ከሆነ ከኋላ ጀምሮ ይዘረግፋል፣ አጥንት እንኳ አይተርፍም። «እዚህም እዚያም የተነከሰ፣ ብዙው የቆሰለ፣ ያልተበላ ከሆነ ግን ውሻ ነው። ባለቤት ያላት ውሻ ናት። ጠዋት ቤቷ ተኝታ ታገኛታለህ።» ዱካውንም ጠየቁኝ። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ይሰበስባል፣ ውሻ ግን የጥፍሩ ምልክት መሬት ላይ ይቀራል። ቁጥሩን ስነግራቸው ዝም ብለው አሰቡ። ከመቶ በላይ በግ በሦስት ወር በቀን ከአንድ በላይ ነው። «አንድ ነብር አንድ በግ ካገኘ ለቀናት ይበቃዋል፣ ይህን ሁሉ ምን ያደርግለታል?» አሉ።

ይህንን ለኮርንዋሉ ልጅ ነገርኩት። ጥሩ ነው የመለሰው። እዚህ ጅብ የለም፣ ነብሩ ከማን ሊደብቅ ብሎ ዛፍ ላይ ይሰቅላል አለኝ። ትክክል ነው፣ የሚቀማው ከሌለ አይለፋም። በጉ እንደሞተም ቀበሮና ቁራ ደርሰው ይበሉታል፣ ቁስሉን ያበላሹታል። ስለዚህ ጠዋት የተገኘ ሬሳ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ዲኤንኤ ነው የሚያስፈልገው። እሱም አልቀረም። በ2024 ይፋ እንደሆነው፣ በሰሜን እንግሊዝ ካምብሪያ ውስጥ ከሞተ በግ ላይ የተወሰደ ናሙና በዋሪክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሮቢን አላቢ ተመርምሮ እንደ ነብርና አንበሳ ያሉ ትልልቆቹ ድመቶች ከሚመደቡበት ወገን የሆነ ዲኤንኤ ተገኘበት። የቀበሮም አብሮ ተገኝቷል። የትኛው ዝርያ እንደሆነ አልተለየም። ጓደኛዬ ያን ቀን ደስታው ሌላ ነበር። እኔም ዜናውን አላጣጣልኩትም። ግን አንድ ናሙና አንድ ናሙና ነው። በዚያው አካባቢ ደግሞ ደጋግሞ መገኘት አለበት።

መኖሩ እንዴት እንደሚረጋገጥ ያየሁት ከአገራችን ነው። የቋራ ሰው፣ የመይሳው ካሳ አገር ሰው፣ ከሱዳን ድንበር ላይ ባለው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ አለ ሲል ኖሯል። የውጭው ሳይንስ ግን በካርታው ላይ አላሰፈረውም ነበር። የኦክስፎርዱ ተመራማሪ ሐንስ ባወር ለዱር እንስሳት በሚቆረቆረው በቦርን ፍሪ ድርጅት ድጋፍ ወደዚያ ሄደ። እንስሳ ሲያልፍ በራሱ የሚያነሳ ካሜራ ተከለ። አንበሳው ካሜራው ፊት መጣ፣ ዱካውም ተገኘ። በ2016 ዜናው ዓለምን ዞረ። አካባቢው እንደ ቋራ ጭው ያለ በረሃ ሆኖ እንኳ ያለው እንስሳ ታየ። በእንግሊዝ ገጠር ደግሞ ለአጋዘንና ለቀበሮ ተብሎ የሚተከለው እንዲህ ያለ ካሜራ ብዙ ነው። የጠራ የነብር ፎቶ ግን አልወጣም። እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

ሆኖም እንግሊዞቹን የማከብርበት ነገር አለ። አንዲት ሴት በጌን አውሬ በላው ስትል የሚሰማት አለ። ሚኒስቴር አጥኚ ይልካል፣ ሙዚየም ቅል ይመረምራል፣ ዩኒቨርሲቲ የበግ ሬሳ ላይ ጥጥ አሽቶ ላቦራቶሪ ያስገባል። ይህ ሁሉ መኖሩ ላልተረጋገጠ እንስሳ ነው። እኛ ዘንድ ነብሩ በእርግጥ አለ። በመላ አገሪቱ ስንት እንደቀረ የሚነግረን አስተማማኝ ቆጠራ ግን የለም። ጫካው ይመነጠራል፣ ሚዳቋው ያልቃል፣ ነብሩም ወደ ፍየል ይወርዳል። ፍየሉ ያለቀበት ሰው መርዝ ያስቀምጣል። የማን ጥፋት ነው ብዬ ጋሼን ልወቅሳቸው አልችልም። እኔ ግን ያንገበግበኛል።

እንግሊዞች የራሳቸውን ጨርሰዋል። ሊንክሱ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፣ ተኩላውም ቆይቷል። የቀረው የስኮትላንድ የዱር ድመት ነው፣ እሱም ሊያልቅ ጫፍ ላይ ደርሷል። አሁን ሊንክስን መልሰን እናምጣ የሚሉ ብዙ ናቸው፣ የበግ አርቢዎች ማኅበር ደግሞ አይሆንም ይላል። ይህ ክርክር ሳያልቅ በጥር 2025 ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ስኮትላንድ ውስጥ በኬርንጎርምስ ተራራ አካባቢ፣ ኪንዩሲ ከተማ አጠገብ በበረዶ መሃል አራት ሊንክስ ለቀቀ። ወዲያው ታዩ፣ በቀናት ውስጥ ተያዙ፣ አንዱ ሞተ። የለቀቃቸው ሰው ክፉ ሥራ ነው የሠራው። የሊንክስ መመለስ ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግን በሕግ፣ ከገበሬው ጋር ተመክሮ፣ ለሚበላው በግም ካሳ ተመድቦ ነው።

ይህንንም ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ተኩላ ወይም ሊንክስ በግ ከበላ መንግሥት ለገበሬው ይከፍላል ስላቸው አላመኑኝም። ደግሜ አስረዳኋቸው፤ ባለሙያ መጥቶ ሬሳውን ያያል፣ ቁስሉን ይለካል፣ ይጽፋል፣ ከዚያ ይከፈላል። «ለእኔ ፍየሎች ማንም ሰባራ ሳንቲም ከፍሎኝ አያውቅም» አሉ። ቀጥለውም፣ እንዲህ ያለ ነገር አገር ቤት ቢኖር ማመልከቻው ለማን እንደሚገባ ጠየቁኝ፤ ለቀበሌው ነው ለወረዳው? በግብርና ወይም በዱር እንስሳት ጥበቃ የምትሠሩ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አደርስላቸዋለሁ።