ደግነት ከነደረሰኙ

የ18ኛውን ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጎች «ለታይታ ነው የሚሰጡት» እያለ የሚያማ ሰው ምላሱን ይሰብስብ። እነዚያ ደጋጎች «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ቃል አክብረዋል። ግራ እጃቸው ምንም አልሰማችም። የሰማው ማተሚያ ቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም ስማቸውን ከነማዕረጋቸውና ከነመዋጯቸው በየዓመቱ አትሞ አወጣላቸው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1720 ሥራ የጀመረው የዌስትሚኒስተር ሆስፒታልና ተከታዮቹ የቆሙት በእንዲህ ዓይነቱ መዋጮ ነው። በዓመት ጥቂት ጊኒ (የዘመኑ የእንግሊዝ የወርቅ ገንዘብ) የከፈለ ሰው ከሆስፒታሉ አስተዳዳሪዎች ይቆጠራል፤ ድምፅ ይሰጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል። ድንገተኛ አደጋ ካልደረሰበት በቀር ድሃ ያለ ደብዳቤ አልጋ አያገኝም። ጥበቡን ተመልከቱ! እግሩ የቆሰለ ሰው ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት የጌታውን ደጅ ይጠናል፤ ደጅ ለመጥናት ከቻለ ደግሞ በሽታው ለሞት እንደማያሰጋው በዚያው ተመረመረ ማለት ነው። ተላላፊ በሽታ ያለበት፣ የማይድንና ነፍሰ ጡር በብዙዎቹ ሆስፒታሎች ደንብ አይገቡም። ታዲያ የዓመቱን ሪፖርት ያበላሹ? በነገራችን ላይ የዌስትሚኒስተር አስተዳዳሪዎች በሕንፃው ቦታ ተጣልተው ከፊሎቹ በ1733 የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታልን ከፈቱ። ጠባቸው እንኳ የተባረከ ነው።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው ግን የለንደኑን የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ቶማስ ኮራም የሚባል የመርከብ አዛዥ 17 ዓመት ያህል ደጅ ጠንቶ በ1739 የንጉሥ ፈቃድ አወጣለት። በሩ ሲከፈት እናቶች ከአቅሙ በላይ ጎረፉ፤ ግፊያና ለቅሶ ሆነ። ይህ ለጨዋ ሰው ጆሮ አይመችም። ስለዚህ በ1742 አስተዳዳሪዎቹ ከረጢት አመጡ። እናት ልጇን እንደታቀፈች እጇን ከከረጢቱ አስገብታ ትንሽ ኳስ ታወጣለች። ነጭ ከወጣላት ሕፃኑ ጤናው ታይቶ ይገባል። ቀይ ከሆነ ከገቡት አንዱ በምርመራ ቢወድቅ ብላ ትጠብቃለች። ጥቁር ከሆነ ልጇን ይዛ ትሄዳለች። የከተማው ወይዛዝርትም ይህን ለማየት ይመጡ ነበር። ዘመድ የለ፣ ጉቦ የለ፣ አድልዎ የለ፤ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ አሠራር ከየት ይመጣል? ኮራም ራሱ በዚያው ዓመት ከአስተዳደር ኮሚቴው ውጭ ሆነ። መሥራች ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ምን ይሠራል?

ወደ እስር ቤት ስንመጣ ደግነቱ ይብሳል፤ መንግሥት ጠባቂውን በደመወዝ አያስቸግረውም፤ ጠባቂው ከእስረኛው ይሰበስባል። ለአልጋው፣ ለካቴናው መላላት፣ መጨረሻም ለመውጫው ይከፈላል። በለንደኑ የፍሊት እስር ቤት፣ ገንዘብ አጥቶ የታሰረ ባለዕዳ ገንዘብ እንዲከፍል ይጠየቃል፤ ሒሳብ ማለት ይህ ነው። የጠባቂነት ሹመቱ ራሱ ይሸጥ ነበር፤ ቶማስ ባምብሪጅ ከአንድ ሸሪኩ ጋር በ1728 በ5,000 ፓውንድ ገዛው። ይህን ያህል ያወጣ ሰው ሊከስር ነው? በዚያው የታሰረ ሮበርት ካስቴል የተባለ አርክቴክት የተጠየቀውን አልከፍልም ሲል ፈንጣጣ ወደገባበት ቤት ተላከና ሞተ። ባምብሪጅ በነፍስ ግድያ ተከሶ ነጻ ተባለ።

ይህን ያማረ ሥርዓት ያበላሸው ጆን ሃዋርድ ነው። በ1773 የቤድፎርድሻየር አውራጃ ሸሪፍ፣ ማለትም እስር ቤቱን ጭምር የሚቆጣጠር ሹም ሆኖ ሲሾም፣ ዳኛ ነጻ ያላቸው ሰዎች የጠባቂውን ክፍያ ባለመክፈላቸው ተመልሰው ሲታሰሩ አየ። ለጠባቂው ደመወዝ ይመደብለት ብሎ የአውራጃውን ዳኞች ጠየቀ። እነሱም እንደ አዋቂ ሰው «እንዲህ የሚያደርግ ሌላ አውራጃ ካለ አሳየን» አሉት። ሃዋርድ በፈረስ አጎራባች አውራጃዎችን ዞረ፤ ያገኘው ግን ያንኑ ግፍ ነበር። ዳኞቹ ረቱ!

ፓርላማው ግን በ1774 ጣልቃ ገባና ነጻ የተባለ ሰው ያለ ክፍያ ይለቀቅ፣ ለጠባቂው አውራጃው ይካሰው ብሎ ደነገገ። ምስኪን ግብር ከፋይ! ወንጀል ላልሠራ ሰው መፈቻ ከኪሱ ሊያወጣ ሆነ፤ ስሙን ግን በየዓመቱ አትሞ የሚያወጣለት አልተገኘም።