ያረጀ ሆቴል ሲወደድ

አዲስ አበባ ውስጥ ለእንግዳ ሆቴል ስትጠቁሙ ምን ትላላችሁ? «ገና መከፈቱ ነው፣ ሁሉ ነገሩ አዲስ ነው።» ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። ለንደን ወይም ፓሪስ ላይ ይህንኑ ብትሉ ማንም ጆሮ አይሰጣችሁም። እዚያ ዋጋውን ሰማይ የሚያደርሰው «ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል» የሚለው ነው። ሊፍቱ በብረት ፍርግርግ ይዘጋል። ወለሉ ስትረግጡት ሲጥ ሲጥ ይላል። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሂሳቡ ግን ከጎኑ ካለው አዲስ ሕንፃ ይበልጣል።

ባለቤቴ የዚህ ነገር ሱሰኛ ናት። የምንኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ልጆቹን ይዘን ወጣ ስንል፣ እሷ ሰው በማይጓዝበት የብርድ ወር ቅናሽ አሳዳ አሮጌ ሆቴል ታገኛለች። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ አብራን መጓዝ ስትጀምር ግን ነገሩ ዳኛ ፊት ቀረበ። «ይሄን ሁሉ ብር ከስክሰህ አሮጌ ቤት ታሳድረኛለህ?»

እውነቷን ነው። እነዚህ ሆቴሎች ሲሠሩ የተወደዱት በአሮጌነታቸው አልነበረም። የለንደኑ ሳቮይ በ1889 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መብራቱና ስለ ሊፍቱ ነበር። ሴዛር ሪትዝ በ1898 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በስሙ ሆቴል ሲከፍት ጉድ የተባለው መታጠቢያ ቤቱ ክፍል ድረስ መግባቱ ነው። ያኔ ሰው ገንዘቡን ያፈሰሰው ለአዲስ ነገር ነበር። እናቴ በዚያ ዘመን ብትሄድ ኖሮ ደስ ብሏት ታድር ነበር ማለት ነው።

የሚገርመው የእኛው ጣይቱ ሆቴል የሪትዝ እኩያ ነው። በጥቂት ዓመታት ቢለያዩ ነው። እቴጌ ጣይቱ ፒያሳ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰው ምግብ በገንዘብ መብላትን ነውር አድርጎት ነበር ይባላል። ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ከፍለው አሳዩ ይባላል። ፓሪስ ስለ ባኞ ሲያወራ አዲስ አበባ ገና ሂሳብ መክፈልን ትለማመድ ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ከየትኛውም የአውሮፓ ሆቴል ታሪክ አስበልጠዋለሁ።

ሳቮይን ካነሳሁ አይቀር፣ እዚያ አላደርንም። አቅሙ የለም። ገብተን ግን አይተነዋል። ልጆቼን ከሁሉም በላይ የማረካቸው ካስፓር የሚባል ጥቁር የእንጨት ድመት ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. የተቀረጸ ነው። ለእራት የተቀመጡት ሰዎች 13 ከሆኑ ካስፓር 14ኛ ሆኖ ወንበር ይሰጠዋል። አንገቱ ላይ ናፕኪን ይታሰርለታል። ሳህኑ እንደማንኛውም እንግዳ ይቀየርለታል። ፈረንጅ 13 ቁጥርን ይፈራላ! እናቴ በጥቁር ድመቱ አማተበች፣ በ13ቱ ግን ሳቀች። እኛ እኮ 13 ቁጥርን ለዓለም የሸጥን ሕዝብ ነን። የአገራችንን ቱሪዝም ያቋቋሙት ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው ነው ቱሪስት የጠሩት።

አንድ የመንገድ ነገር ልጨምር። ሆቴሉ በር ላይ ያለችው ሳቮይ ኮርት የምትባል አጭር መግቢያ ላይ መኪና በቀኝ ነው የሚሄደው። መላ እንግሊዝ በግራ እየነዳ እዚያች ላይ ግን በቀኝ። ታክሲ ነጂ የሆነ አበሻ ወዳጄ ይህን ስነግረው ለማረጋገጥ ልሂድ አለኝ።

እናቴን በመጨረሻ አፏን ያስዘጋት እዚያው እንግሊዝ ያለው ባዝ ከተማ ነው። ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው በ1936 እ.ኤ.አ. ባዝ ሲደርሱ መጀመሪያ ያረፉት ባዝ ስፓ ሆቴል ነው። በኋላ ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዝተው ገቡ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለከተማው አረጋውያን ሰጡት። ከዚያ በፊት ኢየሩሳሌም ሲደርሱም ያረፉት ኪንግ ዴቪድ ሆቴል ነበር። እናቴ ባዝን እየዞረች ስለ ዋጋው አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ልጄ ግን ጥያቄ አመጣች። «እዚህ እንግዳ የነበሩበትን ሁሉ ያውቃሉ። አዲስ አበባ ውስጥስ ማን የት ሆቴል አደረ?» ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ራስ ሆቴል አርፎ እንደነበር ነገርኳት። ከዚያ በላይ ስትጠይቀኝ ወሬ ቀየርኩ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፊት ለፊቱ በር ነው። አበሻ ደግሞ የሆቴልን የጓሮ በር ነው በደንብ የሚያውቀው። ዋሽንግተን ውስጥ ትልቅ ሆቴል ገብታችሁ አማርኛ ሳትሰሙ መውጣት ያስቸግራል። መኪና የሚያቆመው አበሻ፣ ሻንጣ የሚጎትተው አበሻ፣ ክፍል የምታጸዳውም አበሻ። አገር ቤት መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ የነበሩ አሉበት።

እናቴ ሆቴል ስታድር ጠዋት አልጋዋን ራሷ ታነጥፋለች። «የሰው ልጅ አልጋዬን ያነጥፍልኝ እንዴ?» ትላለች። ሲንኩን ትወለውላለች፣ ፎጣውን አጥፋ ትሰቅላለች። አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ክፍል የምታጸዳው ልጅ አበሻ ነበረች። አልጋው ልቅም ብሎ ተነጥፎ አየችና ግንባሯን ያዘች። «እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን ሥራ አበዙብኝ።» ለካስ እንግዳው ሲለቅ አንሶላው የግድ ይቀየራል። የተነጠፈውን እንደገና መፍታት አለባት። በቀን የምታጸዳው ክፍል ተቆጥሮ ነው የሚሰጣት፣ እያንዳንዷ ደቂቃ ትቆጠራለች። «እንደውም አንሶላውንና የትራስ ጨርቁን ገፈው አንድ ላይ ቢከምሩልኝ ነው ደስ የሚለኝ» አለች። ጉርሻ ደግሞ በመጨረሻው ቀን ብቻ ሳይሆን በየቀኑ መተው ይሻላል። ዛሬ ያጸዳችው ነገ ላትመጣ ትችላለች። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንሶላ ትገፍፋለች። ማንጠፍ ግን አሁንም ያምራታል።

ሌላ ከተማ ደግሞ ማቀዝቀዣው ጉድ ሠራን። እናቴ አዋዜዋን በብልቃጥ ይዛ ነው የምትጓዘው። ክፍሉ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፍሪጅ ከፍታ፣ ጠርሙሶቹን አውጥታ ደርድራ፣ አዋዜዋን አስገባች። ስንወጣ ሂሳቡ ላይ ያላየነው ውስኪና ቢራ ሁሉ ሰፍሯል። ጠርሙሱ የቆመበት ቦታ ሴንሰር አለው፣ ከተነሳ እንደጠጣችሁት ይቆጠራል። «በሁዳዴ?» ብላ ጮኸች። ሪሴፕሽኑ የሁዳዴው ባይገባውም ሂሳቡን ሰረዘልን።

«ፈረንጅ ቅርሱን ይወዳል፣ እኛ ግን እናፈርሳለን» የሚል ጨዋታ አበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አለ። እኔ በዚህ ብዙ አልስማማም። ዋሽንግተን ያለውን ዊላርድ ሆቴል ውሰዱ። ሊንከን በ1861 እ.ኤ.አ. ከቃለ መሐላው በፊት ያደረበት ነው። የሆቴል ሂሳቡን 773 ዶላር ከ75 ሳንቲም ከፕሬዚዳንትነት ደሞዙ ነው የከፈለው። ማርቲን ሉተር ኪንግ የ1963ቱን የዋሽንግተን ንግግሩን ያሰናዳው እዚያ ነው። ይህ ሁሉ ታሪክ እያለው በ1968 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ከዋይት ሐውስ ሁለት እርምጃ ላይ ሆኖ ወና ቀረ። ሊያፈርሱትም ፈልገው ነበር። ተጠግኖ የተከፈተው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው።

ፍቅር ብቻውን አላዳነውም። አሜሪካ ውስጥ በቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃ አድሶ ሥራ ላይ የሚያውል ባለሀብት ካወጣው ወጪ 20 በመቶው ከፌዴራል ግብሩ ይቀነስለታል። ማደስ ያዋጣል። አዲስ አበባ ላይ ግን ቤቱ ሳይሆን ቦታው ነው ገንዘቡ። ባለ አሮጌው ቤት ጣራው ሲያፈስ በራሱ ኪስ ይጠግናል፣ ጎረቤቱ አፍርሶ ፎቅ ሲሠራ ኪራይ ይሰበስባል። ታዲያ በየትኛው አንጀቱ ነው ቅርስ የሚወደው? በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ያለቀስን ዲያስፖራዎች ብዙ ነን። ለአንድ አሮጌ ቤት ጣራ ቆርቆሮ የገዛ ግን አላየሁም፣ ራሴን ጨምሮ።

ጣይቱን ከልጆቹ ጋር አይተነዋል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የደረሰበት ቃጠሎ ጃዛምባ የሚባለውን የጃዝ ቤቱን ይዞበት ሄዷል። የእንጨቱ ደረጃና ከፍ ያለው ጣራ ግን ልጆቹን አፍዝዟቸዋል። ልጄ «ይሄ እውነተኛ ነው» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ውጭ አገር ያሉት አሮጌዎች በየጊዜው እየታደሱ፣ አሮጌ እንዲመስሉ ተጨንቀው የተሠሩ ይመስላሉ። ጣይቱ አይጨነቅም። ማኪያቶ አዛችሁ ስትቀመጡ ማንም ማን ናችሁ አይላችሁም።

እናቴ ግን ትልቅ ሆቴል ስትል በልቧ ያለው ጣይቱም አይደለም። የአዋሽ ቡፌ የሚባለው የባቡር ጣቢያው ሆቴል ነው። በድሮው ባቡር ወደ ድሬዳዋ ስትወርድ ያየችው። መጀመሪያ ላይ ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበርና አዋሽ ላይ ይታደር ነበር፣ ቤቱም የኖረው በመንገደኛው ነው። «ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ነበረው» ትላለች፣ ለንደንን በዚያ እየለካች።

ኢስታንቡል ውስጥ ፔራ ፓላስ የሚባል ሆቴል አለ። እሱም በ1892 እ.ኤ.አ. የተሠራው ለባቡር መንገደኛ ነው፣ ከፓሪስ በኦሪየንት ኤክስፕረስ ለሚመጣው። ያ ባቡር ቀረ። ሆቴሉ አልቀረም። አታቱርክ ያረፈበት ክፍል 101 ሙዚየም ሆኗል፣ 411 ደግሞ የአጋታ ክሪስቲ ክፍል ተብሎ በውድ ይከራያል። የእኛ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በሌላ ሐዲድ፣ በሌላ ጣቢያ ነው የመጣው። የድሮው ጣቢያ ደጅ ላይ መንገደኛ አያወርድም። እናቴ በሚቀጥለው ስንመጣ አዋሽ ሄደን ምሳ እንድንበላ ወስናለች። «ሂሳቡን እኔ ነኝ የምከፍለው» ብላለች፣ ባለቤቴም ከአሁኑ ክፍል ይኖራቸው እንደሆነ ስልክ ማፈላለግ ጀምራለች።